አንድ ቡድን አጥብቆ መያዝ ወይስ ብዙ ክበብ መሞከር?

ኢንጂነሪንግ የሚማር ሰው ሳምንቱ ቀድሞ የተያዘ ነው። ካልኩለስ አለ፣ ቤተ ሙከራ አለ፣ የቤተ ሙከራ ሪፖርት አለ። የተረፈችውን ሰዓት ለአንድ የዲዛይን ቡድን ልስጥ ወይስ ለሦስት አራት ክበብ ላከፋፍል?

የዲዛይን ቡድን ስል ለምሳሌ ፎርሙላ ስቱደንት ነው። ተማሪዎች ትንሽ የውድድር መኪና ነድፈው ይሠራሉ። መኪናዋ በጽናት ውድድሩ 22 ኪሎ ሜትር ገደማ ሳትበላሽ መጨረስ አለባት። ዳኞች ደግሞ «ይህን ለምን እንዲህ ሠራችሁት?» እያሉ ያፋጥጣሉ፤ ወጪውንም ያስቆጥራሉ። ክፍል ውስጥ ቀመር የነበረው ስትሬስ (ጭነት በብረቱ ውስጥ የሚፈጥረው ውጥረት) እዚህ የተሰነጠቀ ብየዳ ሆኖ ይመጣል። ክፋቱ ጊዜ ይበላል። ውድድር ሲቃረብ ፈተና መኖሩንም ያስረሳል።

ክበቦቹ ቀለል ይላሉ። ሰው ትተዋወቃለህ፣ ፈተና ደርሶ ብትቀር የሚቆጣህ የለም። የሚቆጣ ከሌለ ግን የሚጠብቅህም የለም።

እኔ ለቡድኑ አደላለሁ፤ ያውም ከሁለተኛ ዓመት ጀምሮ። የአንደኛ ዓመት ሒሳብና ፊዚክስ ከተንገዳገደ ቀጣዩ ኮርስ ሁሉ ይንገዳገዳል። በዚያ ዓመት ክበቦቹን ዞር ዞር ብሎ ማየት ይበቃል። ቡድን ስትገባም አንድ ነገር ብቻ ያዝ፤ ፍሬን ከሆነ ፍሬን። «ሽቦውንም ልርዳ» ካልክ እንቅልፍህን ቻው በለው።