የሱስ ሕክምና፦ ተኝቶ ወይስ ከቤት እየተመላለሱ?

በጎጃም ከአረቄ ወይም ከጫት ሱስ የሚላቀቅ ልጅ ወይም ወንድም ያለው ቤተሰብ ከሁለቱ አንዱን መምረጥ ይጠበቅበታል። እኔ ምርጫውን የምጀምረው ከሱሱ ዓይነት ነው።

ለዓመታት በየቀኑ አረቄ የጠጣ ሰው በድንገት ሲያቆም በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሊንቀጠቀጥ፣ እንደሚጥል በሽታ ሊያንፈራግጠው፣ ሊቃዥ ይችላል። ይህ ሁኔታ ሰውን ሊገድል ይችላል! ስለዚህ ዲያዜፓም የተባለ ማረጋጊያ መድኃኒትና ቫይታሚን ቢ1 በሐኪም ክትትል የሚሰጥበት አልጋ ያስፈልገዋል። ወደ ጠበል የምትወስዱትም ብትሆኑ፣ እምነታችሁን አከብራለሁ፣ እባካችሁ አስቀድማችሁ ሐኪም አሳዩት። ጫት ሲቆም ግን የሚመጣው በአብዛኛው ድካም፣ ድብርትና የእንቅልፍ መዛባት ነው። ቅዠት ወይም ራስን የማጥፋት ሐሳብ ከሌለ በምክር አገልግሎት ከቤት መታከም ይቻላል።

ተኝቶ መታከም ሰውየውን ከመጠጥ ጓደኞቹ ይለየዋል። ነገር ግን አልጋው የተገኘው አዲስ አበባ ከሆነ ከደብረ ማርቆስ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል፤ በአጨዳ ወቅት ማሳውን ጥሎ የሚሄድ ገበሬ ስንት ነው? መመላለስ ወጪው ይቀንሳል፤ ታካሚውም ፈተናውን እዚያው ሰፈሩ ውስጥ መቋቋም ይለማመዳል።

በሁለቱም መንገድ ከ90 ቀን ያነሰ ሕክምና ውጤቱ ውስን ነው፤ ከታከሙትም ከ40 እስከ 60 በመቶ ያህሉ ያገረሽባቸዋል። ለአረቄ ጥቂት ቀን አልጋ፣ ከዚያ ለወራት መመላለስ ይሻላል እላለሁ። ማዕከል ስትመርጡም «ከወጣ በኋላ ማን ይከታተለዋል?» ብላችሁ ጠይቁ።