በጌጅ መለካት ወይስ ኮፓ ማውረድ? የዘይት ግፊት ሲወርድ

ከሸዋ ሮቢት ተነሥቶ የደብረ ሲናን ዳገት የወጣ መኪና ጣርማ በር ላይ የዘይት መብራቱ ቢበራ፣ ሞተሩ ወዲያውኑ መጥፋትና የዘይቱ መጠን መታየት አለበት፤ መጠኑ ካልጎደለ መካኒኩ ሁለት መንገድ አለው።

አንዱ፣ መብራቱን የሚያበራውን ጠቋሚ ፈትቶ በቦታው ጌጅ (የግፊት መለኪያ) ማሰር ነው። ሥራው አጭር ነው፤ የተበላሸው ጠቋሚው ራሱ ከሆነም ሞተሩን ያለ ምክንያት ከመፈታት ያድነዋል። ሆኖም በደብረ ብርሃን የጠዋት ብርድ የወፈረ ዘይት ያረጀውን ሞተር ጤነኛ ሊያስመስለው ስለሚችል፣ ልኬቱ ሞተሩ በሚገባ ከሞቀ በኋላ መወሰድ ይኖርበታል (ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው)። በተለምዶ ሞተሩ በደቂቃ ለሚዞረው በየ1,000 ዙሩ 10 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ አሃድ) ገደማ ይጠበቃል፤ የፋብሪካው መመሪያ ካለ ግን የሚታመነው እርሱ ነው።

ጌጁ ግፊቱ መውረዱን እንጂ ለምን እንደወረደ አይናገርም። ሁለተኛው መንገድ ኮፓውን፣ ማለትም ከሞተሩ ሥር ያለውን የዘይት መያዣ፣ ማውረድ ነው። ኮፓው ሲወርድ የዘይት ፓምፑ ወንፊት በዝቃጭ ተደፍኖ እንደሆነ ይታያል፤ ብሮንዚኑ (የሞተሩ ዘንግ የሚሽከረከርበት ስስ የብረት ቅርፊት) ተከፍቶ የመዳብ ቀለም ካሳየም የላይኛው ሽፋኑ ተበልቷል ማለት ነው። ኮፓ የማውረድ ድካሙ ብዙ በመሆኑ በእኔ ግምት ጌጅ ይቀድማል፤ ከታች የሚያንኳኳ ሞተርን ግን ለልኬት ሲባል እንኳ ማስነሣት ጉዳቱን ስለሚያብስ፣ በቀጥታ ኮፓውን ማውረድ ይሻላል።