ለማሽን መቆጣጠሪያ ፓናል ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት ይሄን አንብቡ

ባሕር ዳር፣ ወረታና መራዊ ላይ አነስተኛ ፋብሪካ ያላችሁ ወገኖቼ፣ እኔ ላይ የደረሰው እናንተ ላይ እንዳይደርስ ነው የምጽፈው።

እኛ የኑግ ዘይት ጨምቀን በጠርሙስ እንሞላለን። አምና አንድ ባለሙያ የመሙያውን መስመር የሚያንቀሳቅስ ፓናል ከነፒኤልሲው (በተጫነለት ፕሮግራም ማሽኑን የሚያዝ ትንሽ ኮምፒውተር ነው) በ180 ሺህ ብር ሠራልን። «ዕቃው አዲስ ነው» አለ፤ አመንነው። ሲጀምር ደስ ይል ነበር። ጠርሙሱ ሴንሰሩ ፊት ሲደርስ ኮንቬየሩ ይቆማል፣ ቫልቩ ይከፈታል፣ ሰዓቱ ሲሞላ ይዘጋል፣ ቀጣዩ ይመጣል።

ክረምት ላይ ኑግ ጠፋና ዋናውን አጥፍተን ሁለት ወር ዘጋን። መስከረም ላይ ስናበራው ፒኤልሲው ኃይል አለው፣ ፕሮግራም ግን የለውም። ባዶ ሆኗል።

ነገሩን የገለጠልኝ ፖሊ ቴክኒክ የተማረ አንድ ልጅ ነው። የፓናሉን በር ከፍቶ ገና ሲያየው ራሱን ነቀነቀ። ዕቃው ሚትሱቢሺ ኤፍኤክስ2ኤን ነው፤ አምራቹ መሥራት ካቆመ ከ10 ዓመት በላይ ሆኖታል። አዲስ የተባለው አሮጌ ኖሯል። ይሄ ሞዴል ፕሮግራሙን የሚይዘው በባትሪ በሚጠበቅ ሜሞሪ ነው። ባትሪው ደክሞ መብራት ከጠፋ ፕሮግራሙም አብሮ ይጠፋል። ፊቱ ላይ ባትሪ ሲደክም የምትበራ ትንሽ ቀይ መብራት አለች። ያቺን መብራት ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አያት ነበር፤ ማሽኑ ሥራ ላይ መሆኑን የምታሳይ መስሎኝ።

ፓናሉን ለሠራልን ሰውዬ ደወልኩ። «ጋሼ፣ ፕሮግራሙ የነበረበት ላፕቶፕ ተበላሽቷል። እንደ አዲስ ልጻፍልዎት፣ 60 ሺህ ይሆናል» አለኝ። አንድ ጊዜ የከፈልኩበትን ሥራ ድጋሚ ሊሸጥልኝ ማለት ነው።

ፓናል ስንገዛ ዓይናችን የሚያርፈው ሳጥኑና ሽቦው ላይ ነው። ፋብሪካውን የሚያንቀሳቅሰው ግን ላደር የሚባለው የፒኤልሲው ፕሮግራም ነው። ላደር የተባለው ስዕሉ መሰላል ስለሚመስል ነው፤ በግራ በኩል «ይህ ከተነካ፣ ያ ካልበራ» የሚለው ሁኔታ፣ በቀኝ በኩል የሚበራው ሞተር ወይም ቫልቭ። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻ ፒኤልሲ ሲፈጠር የሪሌ (በኤሌክትሪክ የሚታዘዝ ማብሪያ ማጥፊያ) ስዕል ማንበብ የለመደ ኤሌክትሪሺያን እንዳይቸገር ተብሎ ነው እንዲህ የሆነው። ስለዚህ በደንብ የተጻፈ ላደር ሌላ ባለሙያ አንብቦ ይጠግነዋል። እንደኛ ባለ አሮጌ ሞዴል ግን የቫልቩና የሴንሰሩ ስም አብዛኛውን ጊዜ የሚቀረው ጸሐፊው ላፕቶፕ ውስጥ ነው። ከፒኤልሲው ላይ መልሳችሁ ብታነቡት የምታገኙት ኤክስ0፣ ዋይ1፣ ቲ5 የሚል ኮድ ብቻ ነው። የትኛው የትኛው እንደሆነ ሽቦ እየተከተሉ መፈለግ ነው።

እና ውል ስትገቡ ዋናው ፋይል ከነስሞቹ፣ ፓስወርዱና የሽቦው ስዕል እጃችሁ ላይ እንደሚገባ በጽሑፍ ይስፈር። የመጨረሻውን ክፍያ ያዙ። ከዚያ ሰውዬው እናንተው ፊት ፕሮግራሙን ከፒኤልሲው ላይ አጥፍቶ ከእናንተ ፍላሽ መልሶ ይጫነው። ማሽኑ ከተነሳ ክፈሉ። እምቢ ካለ ምክንያቱን እናንተም ታውቁታላችሁ።

አንድ ነገር ደግሞ አለ፣ እሱን ሳስብ እስካሁን ሆዴ ይባባል። ገና ፓናሉ እየሠራ ሳለ ጠርሙስ የምትደረድር ልጃችን ነጠላዋ በኮንቬየሩ ሰንሰለት ተያዘ። ቀዩን የአደጋ ቁልፍ መታሁት። ኮንቬየሩ አልቆመም! አንዱ ልጅ ሮጦ ዋናውን ብሬከር ጣለው። ነጠላው ተቀደደ፣ እሷ እግዚአብሔር ይመስገን ተረፈች። ቁልፉ የተገናኘው ከፒኤልሲው መግቢያ ጋር ብቻ ነበር። ፕሮግራሙ «አቁም» ብሏል፤ የፒኤልሲው መውጫ ሪሌ ግን ተጣብቆ ሞተሩን ለቆ አልወጣም። የአደጋ ቁልፍ ለሞተሩ መብራት የሚሰጠውን ትልቅ ማብሪያ፣ የኮንታክተሩን ኃይል በቀጥታ በሽቦ መቁረጥ አለበት። ከመረከባችሁ በፊት ከቁልፉ ወደ ፒኤልሲው የሚሄደውን ገመድ ሳይሆን ያንን ሽቦ አሳየኝ በሉት።

አሁን ሌላ ፒኤልሲ ገዝተን ያው የፖሊ ልጅ ላደሩን ጽፎልናል። አንድ ፍላሽ መሥሪያ ቤት፣ አንድ ቤቴ አለ።

እንደኛ ያለ ሞዴል ያላችሁ ዛሬውኑ የፓናሉን በር ክፈቱ። የባትሪዋ መብራት ቀይ በርታ ካገኛችኋት ዋናውን አታጥፉ። መጀመሪያ ባለሙያ ጠርታችሁ ፕሮግራሙን አስገልብጡ፣ ባትሪው ከዚያ በኋላ ይቀየራል።