አስር ወር ከቆዳው ዲፕ ቀበቶ ጋር፦ ከጥቅምት እስከ ነሐሴ

ይህን ወገብ ላይ ታስሮ ክብደት የሚንጠለጠልበትን የቆዳ ቀበቶ ያገኘሁት ጥቅምት ላይ ነው፤ አሁን ነሐሴ ገብቷል። በነዚህ አስር ወራት በሳምንት ሦስት ቀን፣ ሲመቸኝ አራት ቀን፣ ባሕር ዳር ሽምብጥ ባለው ግቢያችን ክብደት አንጠልጥዬበት ዲፕ (በሁለት ብረቶች መካከል በእጅ ተደግፎ መውረድና መውጣት) እና ፑል አፕ (ብረት ላይ ተንጠልጥሎ ራስን ወደ ላይ መሳብ) ሠርቻለሁ። ዲፕ ስጀምር 10 ኪሎ ነበር የምጨምረው፤ ዛሬ በ40 ኪሎ አምስት ጊዜ እሠራለሁ። ፑል አፕ ላይ 25 ኪሎ ደርሻለሁ። የራሴ ክብደት 70 ኪሎ አካባቢ ነው። የምጽፈው ቀበቶ ለመግዛት አስበው የቱን እንደሚመርጡ ለቸገራቸው ነው። እኔ ስገዛ የሚነግረኝ ሰው ባገኝ ኖሮ ሁለት ጊዜ ገንዘብ ባላወጣሁ፣ እግሬም ለአደጋ ባልተጋለጠ ነበር።

መጀመሪያ የተጠቀምኩት ገመድ ነው። ሐይቁ ዳር ጀልባ የሚታሰርበትን ዓይነት ወፍራም የናይለን ገመድ ወገቤ ላይ ሁለት ዙር ጠምጥሜ፣ ከሥሩ አሮጌ ነጠላ አጥፌ አስገብቼ፣ የ10 ሊትር ጀሪካን ውሃ ሞልቼ አንጠለጠልኩበት። ለጥቂት ሳምንት ሠራ። ክብደቱን ስጨምር ግን ገመዱ የዳሌዬን አጥንት ላጠው፤ ማታ በጎኔ መተኛት አቃተኝ።

ቀጥሎ ከአንድ የስፖርት ዕቃ መሸጫ ስፖንጅ ያለው የናይለን ቀበቶ ገዛሁ። ሲይዙት ይለሰልሳል፣ ዋጋውም አይከብድም። አራት ወር ያህል ደህና ነበር። ከዚያ ስፖንጁ እየተጨፈለቀ ሄደ፤ ከ20 ኪሎ በላይ ስጭንበት ቀበቶው መሃሉ ላይ እየታጠፈ ይጠቀለል ጀመር። ስፋት ያለው ቀበቶ ተጠቅልሎ ሁለት ጣት ሲያክል ተመልሶ ገመድ ሆነ ማለት ነው። ከሁሉ የባሰው ግን አብሮት የመጣው መንጠቆ ነበር። አንድ ማለዳ ከፑል አፕ ስወርድ የመንጠቆው ምላስ ተጣሞ ተከፈተና 20 ኪሎ ሲሚንቶ ከእግሬ አውራ ጣት አንድ ስንዝር ርቆ ወደቀ። መሬቱ ላይ የቀረውን ጉድጓድ ብዙ ቀን እያየሁት አለፍኩ።

ስለዚህ ቀበቶ ስትመርጡ ከቆዳውና ከስፖንጁ በፊት መንጠቆውን እዩ። ዝም ብሎ የተንጠለጠለ 20 ኪሎ 20 ኪሎ ነው። ወርዶ ድንገት ሲቆም ግን ለዚያች ቅጽበት ከክብደቱ በላይ ይጎትታል፤ በፍጥነት በወረዳችሁ ቁጥር ደግሞ ይብሳል። ገደል ለመውጣት የሚሠራ መንጠቆ (ካራቢነር) የሚችለው ጉልበት በኪሎ ኒውተን ሰውነቱ ላይ ተቀርጾበታል፤ 1 ኪሎ ኒውተን ወደ 100 ኪሎ ክብደት ይጠጋል። የኔ አሁን 22 የሚል ተጽፎበታል፤ ምላሱም በብሎን የሚቆለፍ ነው። ቁጥር የሌለው፣ ቁልፍ ለማንጠልጠል የተሠራ የሚመስል መንጠቆ ከቀበቶው ጋር ቢመጣላችሁ አውጥታችሁ ለሌላ ነገር አድርጉት።

አሁን ወደ ቆዳው። የአክስቴ ልጅ ከአዲስ አበባ በ4,500 ብር ነው ያመጣልኝ። ከኋላ 12 ሴንቲ ሜትር ስፋት አለው፤ ወደ ጎን እየጠበበ ይመጣል። ሁለት ድርብ ቆዳ በወፍራም ክር ተሰፍቶ፣ ጫፍና ጫፉ ላይ የብረት ቀለበት አለው። ሰንሰለቱ 90 ሴንቲ ሜትር ነው። ዘለበት የለውም፤ መጥበቅና መላላቱን የሚወስነው መንጠቆውን የምታስገቡበት የሰንሰለት ዓይን ነው።

የመጀመሪያዎቹ ስድስት ሳምንታት ከባድ ነበሩ። ቆዳው እንደ ጣውላ የደረቀ ስለነበር የላይኛው ጠርዝ ጀርባዬን ይቧጥጠኝ ነበር፤ ከወፍራም ሹራብ በላይ ነበር የማስረው። ብመልሰው ብዬም አስቤ ነበር። ኅዳር መጨረሻ ላይ ግን የሰውነቴን ቅርጽ ያዘ። አሁን መሬት ላይ ሳስቀምጠው እንኳ ጎብጦ፣ ዳሌዬ ያለበት ቦታ ጎድጉዶ ይታያል። በ40 ኪሎ አይታጠፍም፣ አይጠቀለልም፣ ክብደቱን ከዳር እስከ ዳር ያካፍለዋል። ናይለኑ መጀመሪያ ቀን ከሁሉ የተሻለ ነበር፤ ከዚያ በየወሩ ባሰበት። ይኸኛው በየወሩ ተሻለው።

አቀማመጡን ለማወቅ ጊዜ ወስዶብኛል። እንደ ሱሪ ቀበቶ እምብርት ላይ ካሰራችሁት ሆድን ጨምቆ ትንፋሽ ይከለክላል። ሰፊው ክፍል ዝቅ ብሎ መቀመጫችሁ የሚጀምርበት ላይ ማረፍ አለበት፤ ቀለበቶቹ ደግሞ ከፊት የዳሌ አጥንት አጠገብ ይቁሙ። በሁለቱ ቀለበቶች መካከል ቢያንስ አንድ ስንዝር ክፍት ቦታ ይኑር። ይህን የተማርኩት ከሰፈር ልጆች ነው። አብረውኝ ከሚሠሩት አንዱ ቀጭን ነው፤ እሱ ሲያስረው ቀለበቶቹ ፊት ለፊት ይገናኛሉ፣ ሰንሰለቱ አንድ ላይ ይሰበሰባል፣ ክብደቱም ሲወርድ ሲወጣ እየተሽከረከረ ጉልበቱን ይመታዋል። ቀበቶው መጥፎ ሆኖ ሳይሆን በልኩ ስላልተሠራ ነው። ከመግዛታችሁ በፊት ዳሌያችሁን በሜትር ለኩና ከቀለበት እስከ ቀለበት ያለው ርዝመት ከዚያ በአንድ ስንዝር የሚያንስ መሆኑን አረጋግጡ።

ሰንሰለቱን አሳጥሬ ነው የማስረው፤ ክብደቱ ጭኔ መሃል ላይ ይቆማል። የዲፕ ብረቴን በያጅ ከቱቦላሬ ነው የሠራልኝ፣ ከፍታው 1 ሜትር ከ20። ሰንሰለቱ ከረዘመ ክብደቱ ታች ስደርስ መሬት ይነካል። ለፑል አፕ አንድ ሁለት ዓይን ባረዝመው አይከፋም።

ስለ ክብደቱም ልንገራችሁ፣ ቀበቶው የሚያገለግለው የምታንጠለጥሉበት ነገር ሲኖር ነውና። የጂም ብረት አልገዛሁም። በ4 ሊትር የቀለም ባልዲ ሲሚንቶ፣ አሸዋና ጠጠር አቡክቼ፣ መሃሉ ላይ የታጠፈ ፌሮ ቀብሬ ሠራሁ። አንዱ ሲደርቅ 9 ኪሎ ተኩል ገደማ ይመጣል፤ ወፍጮ ቤት ሚዛን ላይ አስመዝኜ ቁጥሩን በቀለም ጽፌበታለሁ። ለጀማሪ የ5 ሊትር የዘይት ጀሪካን ይበቃል፤ በውሃ 5 ኪሎ፣ በደረቅ አሸዋ ወደ 8 ኪሎ ይሆናል። ውሃ ከሆነ ግን አፉ ድረስ ሙሉት። ግማሽ የሆነ ጀሪካን ውስጡ እየተናጠ ወገብን ወዲያና ወዲህ ይጎትታል።

የምሠራው ማለዳ 12 ሰዓት ላይ ነው። የጎረቤታችን እትዬ ኪዳን አድርሰው ሲመለሱ አንድ ቀን በር ላይ ቆመው፣ «ልጄ፣ የሰንሰለቱ ድምፅ ሕፃናቱን እየቀሰቀሰብን ነው፤ እባክህ አንድ ነገር አልብሰው» አሉኝ። እውነታቸውን ነበር። ሳይክል ጠጋኝ ዘንድ ሄጄ ያረጀ የውስጥ ጎማ ለምኜ ሰንሰለቱን አለበስኩት። ድምፁ ጠፋ፣ ጭኔንም መቧጠጡ ቀረ። ታኅሣሥ ላይ በዚህ በጣም ደስ ብሎኝ ነበር፤ ክረምት ላይ ያመጣውን ጣጣ ከታች እነግራችኋለሁ።

በዐቢይ ጾም 55 ቀን ሥጋም ወተትም አልቀመስኩም፤ ከሰዓት በኋላ ድረስም እህል አልበላም ነበር። ክብደቴ ወደ 67 ወረደ፣ የማንጠለጥለውንም ወደ 20 ኪሎ ቀነስኩት። ዘለበት አለመኖሩ ያኔ ጠቀመኝ፤ ሰንሰለቱን አንድ ዓይን ሳብ ሳደርገው ቀበቶው ቦታውን ያዘ። ከፋሲካ በኋላ ደግሞ መልሼ አላላሁት።

ከዚያ ክረምት መጣ። ባሕር ዳር ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ብትሆንም ሐይቅ ዳር ናትና በሐምሌ ግድግዳው ሁሉ ያልባል። ቀበቶውን እንደወትሮው ዕቃ ቤት ሚስማር ላይ ሰቅዬው ለአንድ ሳምንት ዘመድ ጥየቃ ሄድኩ። ስመለስ ከኋላ በኩል አረንጓዴና ነጭ ሻጋታ ለብሷል። ልቤ ነው ስንጥቅ ያለው። የሰንሰለቱን ጎማ ስገፍፈው ደግሞ ውስጡ ላብና ውሃ ቋጥሮ ኖሮ ሰንሰለቱ ዝጓል፤ ጣቴ ቀይ ሆኖ ነው የወጣው።

ወደ ጫማ ሰፊው ይዤው ሄድኩ። ጋሼ ዓመታት የሰፉ ሰው ናቸው፤ ቀበቶውን አገላብጠው አሽተውት፣ «ፀሐይ ላይ እንዳታሰጣው፤ ይሰነጠቃል። ቅባትም አታብዛበት፣ ይለሰልስና ይለጠጥብሃል» አሉኝ። እንዳሉኝ በእርጥብ ጨርቅ ጠረግሁት፣ ነፋስ በሚያገኘው ጥላ ሁለት ቀን አቆየሁት፣ ከዚያ ቀለም የሌለው የጫማ ቅባት በስሱ ቀባሁት። ሻጋታው አልተመለሰም፤ የቀረው ጥላሸት የመሰለ ምልክት ብቻ ነው። ሰንሰለቱን በሽቦ ብሩሽ ፈትጌ በሞተር ዘይት ወለወልኩት። ጎማውን አሁንም አለብሰዋለሁ፣ ሠርቼ ስጨርስ ግን አውልቄ ሁለቱንም ለየብቻ እሰቅላለሁ። ቀበቶውም ከዕቃ ቤት ወጥቶ አልጋዬ ራስጌ ተሰቅሏል።

ለማን ይሆናል? ከ10 ኪሎ በታች ለምትጨምሩ ጀርባ ላይ የሚታዘል ቦርሳ ይበቃችኋል፤ ብር አታውጡ። እስከ 20 ኪሎ ለምትሠሩ፣ ላብና ዝናብ ለማያመልጣችሁ፣ ስፖንጁ ጠንካራ የሆነ ናይለን መጥፎ አይደለም፤ ይታጠባል፣ እንደ ቆዳ ቶሎ አይሻግትም። መንጠቆውን ብቻ ለውጡ። ከዚያ በላይ ለመሄድ ያሰበ ሰው ግን ቆዳ ይግዛ፣ ስድስቱን ሳምንት ይታገሥ፣ ክረምት ላይ ደግሞ እንደ ጫማው ይንከባከበው። እኔ ዛሬም ብገዛ ይህንኑ ነው የምገዛው።

አንድ የሚያሳስበኝ ነገር አለ። ትናንት ስጠርገው በግራ ቀለበት ሥር ካለው ስፌት ሦስት ክር ተበጥሶ አየሁ። የሚጎዳው ሁልጊዜ መንጠቆውን የማስገባበት ጎን ነው፤ ጎኑን እያቀያየርኩ መጠቀም ነበረብኝ። ጋሼ ቅዳሜ በሰም ክር ደግመው ሊሰፉልኝ ቀጥረውኛል። እስከዚያ ከ15 ኪሎ በላይ አልጭንበትም።