ደብዛዛውን የኤክስሬይ ብትን ለመቅዳት የገዛነው ዲቴክተር
በክሪስታል ውስጥ ያሉት አተሞች ሁሉ ሳይዛነፉ ተደርድረው፣ ሳይንቀጠቀጡም ቢቆሙ ኖሮ ኤክስሬይ ሲበተን የምናየው ጥርት ያሉ ነጥቦችን ብቻ ነበር። በነጥቦቹ መካከል የሚታየው ደብዛዛ ጉም የአተሞቹን ንዝረትና የአደራደራቸውን መዛነፍ የሚናገር ቢሆንም፣ ከነጥቦቹ በሺዎች እጥፍ ሊደክም ስለሚችል በቀላሉ ይጠፋል። ይህ ፎቶኖችን (የኤክስሬይ ቅንጣቶችን) አንድ በአንድ የሚቆጥር ዲቴክተር የንባብ ጫጫታ፣ ማለትም ምልክቱ ሲነበብ የሚጨመር የሐሰት ምልክት፣ ስለሌለው ጉሙን አጥርቶ ያሳያል፤ የቀድሞው ሲሲዲ (ምልክቱን እንደ ኤሌክትሪክ ቻርጅ አከማችቶ የሚያነብ ዲቴክተር) ግን ከደማቅ ነጥብ ላይ ነጭ ሰረዝ እየጎተተ ምስሉን ያበላሽብን ነበር። ናሙናችንን ወደ 100 ኬልቪን (ከዜሮ በታች 173 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ) ስናቀዘቅዘው ከንዝረት የመጣው ጉም ሲሳሳ፣ ከአደራደር መዛነፍ የመጣው ቀጭን መስመር ባለበት ቀረ። ቅሬታዬ አብሮት በመጣው ሶፍትዌር ላይ ነው፤ ካልከለከሉት በቀር ያንኑ የምንፈልገውን ጉም እንደ ተራ ዳራ ቆጥሮ ይቀንሰዋል።