ፍሉኦክሴቲን 20 ሚሊግራም፦ ዘገምተኛው የድባቴ መድኃኒት ሲመዘን

ፋርማሲ መስኮት ላይ ስለዚህ ካፕሱል የሚሰማው ወቀሳ በአብዛኛው ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ «ሁለት ሳምንት ሙሉ ዋጥኩት፣ ጠብ የሚል ነገር የለም» ይላል። ሌላው «ተሽሎኝ ነበር፤ ካቆምኩት ወዲህ ግን ያው ሆንኩ» ይላል። ሁለቱም የደረሰባቸውን ነው የሚናገሩት። ፍሉኦክሴቲን ግን በራሱ ድክመት ከሚወድቅበት ይልቅ በአጀማመሩና በአቋራረጡ የሚወድቅበት ጊዜ ስለሚበዛ፣ እዚህም በእነዚህ ሁለቱ ላይ ረዘም ብለን እንቆያለን።

በመጀመሪያ ዕቃውን እንየው። በብዛት የሚገኘው 20 ሚሊግራሙ ካፕሱል ነው። በ1987 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ሲፈቀድ ፕሮዛክ ተብሎ የወጣው ይኸው መድኃኒት ነው። የባለቤትነት መብቱ ካበቃ ከ20 ዓመት በላይ ስለሆነው ዛሬ ብዙ ፋብሪካዎች በየራሳቸው የንግድ ስም ያመርቱታል። ስለዚህ ካለፈው ወር የተለየ ቀለም ያለው ካፕሱል ቢሰጥዎ አይደንግጡ፤ ከንግድ ስሙ ሥር «ፍሉኦክሴቲን» እና «20 ሚሊግራም» የሚለውን ያንብቡ። በእጅ በተጻፈ ማዘዣ ላይ ፍሉኦክሴቲን፣ ፍሉፌናዚንና ፍሉኮናዞል ለመለየት ያስቸግራሉ። ሁለተኛው የሳይኮሲስ (ከእውነታ የመለያየት ሕመም)፣ ሦስተኛው የፈንገስ መድኃኒት ስለሆነ ማሸጊያውን ማንበብ የሁለት ሰከንድ ሥራ ሆኖ ብዙ ጣጣ ያስቀራል። ስትሪፑ ተቆርጦ በፖስታ ሲሰጥ ደግሞ የመጠቀሚያ ጊዜው የታተመበት ጫፍ ሳጥኑ ውስጥ ሊቀር ይችላል። ለወር 30 ፍሬ ስለሚያስፈልግ ሙሉ ስትሪፕ ስጡኝ ማለት ነውር የለውም።

ዋጋው ከብዙ አቻዎቹ ቀለል ያለ ነው። የሚያስቸግረው አንዳንዴ ከገበያ መጥፋቱ ነው። እዚህ ላይ ዘገምተኛነቱ ይታደጋል፦ በየቀኑ ሲወሰድ ከቆየ መድኃኒቱ ከሰውነት በግማሽ ለመውጣት ከ4 እስከ 6 ቀን ይፈጅበታል፤ ጉበት ወደሌላ መልክ ለውጦ የሚያቆየው ኖርፍሉኦክሴቲን ደግሞ ከ4 እስከ 16 ቀን። አንድ ሁለት ቀን ቢዘለል ሰውነት አይሰማውም። የተዘለለውን ለማካካስ በማግስቱ ሁለት መዋጥ አያስፈልግም። እንዲያም ሆኖ የቀጣዩን ወር መድኃኒት የሳምንት ያህል ሲቀር መግዛት ይሻላል።

ይሠራል ወይ? በ2018 እ.ኤ.አ. ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ የወጣ አንድ ትንተና 21 የድባቴ መድኃኒቶችን በ522 ጥናቶችና ከ116 ሺህ በላይ ሰዎች ላይ መርምሮ፣ ሁሉም መድኃኒት ከሌለበት ባዶ እንክብል እንደሚሻሉ አሳይቷል። በኃይል በኩል አንደኛ የወጣው አሮጌው አሚትሪፕቲሊን ነው። ፍሉኦክሴቲን በዚህ በኩል ከታችኞቹ ተርታ ነው። ነገር ግን ሕክምናውን አቋርጠው የሚወጡ ሰዎች ከባዶ እንክብሉ እንኳ ያነሱባቸው ሁለት መድኃኒቶች ብቻ ነበሩ፤ አንዱ እሱ ነው። መድኃኒት የሚሠራው ሲዋጥ ነውና ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ጥናቶቹ በአብዛኛው ስምንት ሳምንት ገደማ የተካሄዱ ስለሆኑ፣ ዓመት ሁለት ዓመት ስለሚወስድ ሰው የሚነግሩን ውስን ነው።

«ሴሮቶኒን (በአንጎል ውስጥ መልእክት የሚያስተላልፍ ንጥረ ነገር) አንሶሃል፣ ይሄ ይሞላልሃል» የሚለውን ማብራሪያ ግን ብንተወው ይበጃል። በ2022 እ.ኤ.አ. የወጣ ሰፊ ግምገማ ድባቴ በሴሮቶኒን ማነስ እንደሚመጣ ወጥ ማስረጃ አላገኘም። መድኃኒቱ ሴሮቶኒን ላይ መሥራቱ እርግጥ ነው። ከዚያ ተነስቶ ሰውን የሚያሻልበት መንገድ ግን እስካሁን እያከራከረ ነው። ሴሮቶኒንን በደም ምርመራ ለመለካት ገንዘብ ማውጣት ስለዚህ ትርፍ የለውም። የታይሮይድና የደም ማነስ ምርመራ ግን ድካሙና መፍዘዙ ከሌላ ሕመም መጥቶ እንደሆነ ለማጣራት ዋጋ አለው።

አሁን ወደ አጀማመሩ። የዓለም ጤና ድርጅት ለአጠቃላይ ጤና ባለሙያዎች ባዘጋጀው መመሪያ አንድ ሳምንት በቀን 10 ሚሊግራም፣ ከዚያ 20 ይባላል። ባለ 10 በሌለበት ብዙ ሐኪሞች ባለ 20ውን በመጀመሪያው ሳምንት አንድ ቀን እያስዘለሉ ያዛሉ። ከሰውነት ቶሎ ስለማይወጣ አካሄዱ ያስኬዳል። ካፕሱሉን ከፍቶ ዱቄቱን በዓይን መክፈል ግን ግምት ስለሆነ አይመከርም። የሚዋጠው ጠዋት ነው፤ ማታ ከተዋጠ ብዙ ሰው እንቅልፍ ይነሳዋል።

የማቅለሽለሽ፣ የራስ ምታት፣ የሆድ መላላትና የመቁነጥነጥ ስሜት ቢመጣ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ይመጣል፤ በአብዛኛው በሁለት ሳምንት ይበርዳል። ጥቅሙ ግን መታየት የሚጀምረው ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ባለው ጊዜ ሲሆን፣ ሠርቷል አልሠራም ብሎ ለመፍረድ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ያስፈልጋል። ዕዳው ቀድሞ ይከፈላል፣ ዕቃው ኋላ ይመጣል ማለት ነው። ያ የሁለት ሳምንት ወቀሳም ከዚህ ይመነጫል፦ ያዘዘው ሰው ይህን ካልነገረ፣ ታካሚው ሕመሙ ላይ ሕመም እንደተጨመረበት አስቦ ይተወዋል። በነዚያ ሳምንታት ቡናን ከአቦል እስከ በረካ ማዳረስና ጫት መቃም መቁነጥነጡንም እንቅልፍ ማጣቱንም ያብሳል። መሻሻሉን ብዙ ጊዜ ቀድመው የሚያዩት የቤት ሰዎች ናቸው፤ ታካሚው «ያው ነኝ» እያለ ምግብ መብላትና ሰው ማናገር ይጀምራል።

አንድ ነገር ግን «ያልፋል» ተብሎ መጠበቅ የለበትም። ዕድሜያቸው ከ25 በታች የሆኑ ሰዎች በጀመሩ ሰሞን ወይም መጠኑ ሲለወጥ ራስን የማጥፋት ሐሳብ ሊበረታባቸው ይችላል። የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ይህን ማስጠንቀቂያ በ2004 እ.ኤ.አ. ለልጆችና ለታዳጊዎች ካስገባ በኋላ በ2007 እስከ 24 ዓመት አስፋፍቶታል። ስለዚህ የመጀመሪያው ወር ቀጠሮ በሳምንት በሳምንቱ ቢሆን፣ መድኃኒቱም በቤተሰብ እጅ ቢቀመጥ ጥሩ ነው። አንድ ቦታ መቀመጥ አቅቶት የሚንቆራጠጥ፣ ወይም «ባልኖር ይሻላል» ማለት የጀመረ ሰው በዚያው ዕለት ወደ ሐኪም መሄድ አለበት።

ሰው አፍሮ የማይናገረው የጎንዮሽ ችግር ደግሞ አለ፦ የወሲብ ፍላጎት መቀነስና እርካታ ላይ ለመድረስ መዘግየት። ይህ እንደ ማቅለሽለሹ በሁለት ሳምንት አይበርድም። ብዙዎች በዝምታ የሚያቋርጡት በዚህ ነው፤ ባለሙያውም ካልጠየቀ አይሰማውም። መጠኑን ማስተካከል ወይም ወደ ሌላ መድኃኒት መዛወር ስለሚቻል መናገሩ ያዋጣል።

ጾምን በተመለከተ ይህ ካፕሱል ከአብዛኞቹ የተሻለ ምቹ ነው። በቀን አንዴ ብቻ ስለሚወሰድና ምግብ ስለማይፈልግ፣ በረመዳን ከሱሁር ጋር፣ በዐቢይ ጾም ደግሞ ከሰዓት በኋላ ምግብ ሲቀመስ ሊዋጥ ይችላል። ሰዓቱ በጥቂት ሰዓታት ቢሸጋሸግ በደም ውስጥ ያለው መጠን ብዙም አይናወጥም። ዛጎሉ ግን ብዙ ጊዜ ከእንስሳት በሚገኝ ጀላቲን ስለሚሠራ፣ ይህ የሚያሳስበው ሰው በጾሙ መሐል ከማቋረጥ አስቀድሞ የንስሐ አባቱን ወይም ሼኩን ቢጠይቅ ይሻላል።

ከሌላ መድኃኒት ጋር ያለው ጠባይ ከባዱ ጎኑ ነው። ትራማዶል የሚወስድ ሰው ላይ ሕመም ማስታገሱን ያዳክማል፤ በዚያ ላይ የሚጥል በሽታ የመሰለ መንቀጥቀጥና የሴሮቶኒን መብዛት ሊያስከትል ይችላል። የሴሮቶኒን መብዛት ምልክቶች ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ ትኩሳትና መቃዠት ናቸው። ከዲክሎፌናክና ከአይቡፕሮፌን ጋር ሲገጥም የጨጓራ መድማት፣ ደም እንዳይረጋ ከሚያደርገው ከዋርፋሪን ጋር ደግሞ አጠቃላይ የመድማት አደጋ ይጨምራል። የጡት ካንሰር መድኃኒት የሆነውን ታሞክሲፈንን ሊያዳክም ይችላል። መድኃኒት የተላመደ ቲቢ የሚታከም ሰው ሊኔዞሊድ ከታዘዘለት ፍሉኦክሴቲን እንደሚወስድ አስቀድሞ መናገር አለበት። ካቆመም በኋላ ቢሆን ይናገር፤ ትራፊው እስከ አምስት ሳምንት ይቆያል።

ለሁሉም አይሆንም። ከዚህ በፊት ሁለት ሦስት ሰዓት ብቻ ተኝቶ የማይደክመው፣ ንግግሩ የማይያዝ፣ ገንዘብ የሚበትንበት ወቅት የነበረው ሰው ባይፖላር (ስሜት ከእንዲህ ያለ መነቃቃት ወደ ድባቴ የሚዋዥቅበት ሕመም) ሊኖርበት ይችላል። ለእሱ ይህ ካፕሱል ብቻውን ከተሰጠ ወደዚያው ሊመልሰው ይችላል። ስለ ያለፈው ጊዜ ሳይጠየቅ ማዘዣ የተሰጠው ሰው ራሱ ቢናገር ጥሩ ነው። በዕድሜ የገፉ ሰዎች ላይ በደም ውስጥ ያለውን ጨው ሊያወርድ ስለሚችል፣ ከጀመሩ በኋላ ግራ የመጋባትና የመንገዳገድ ነገር ከታየ «እርጅና ነው» ተብሎ አይታለፍ። ቀላል ለሆነ ድባቴ ደግሞ የዓለም ጤና ድርጅት ይህን ዓይነት መድኃኒት መስጠትን አይመክርም፤ መጀመሪያ የንግግር ሕክምና ነው።

ከአቻዎቹ ጋር ሲነጻጸርስ? አሚትሪፕቲሊን ያስተኛል፣ ለነርቭ ሕመምም ይረዳል። አፍ ማድረቁ፣ ሆድ ማድረቁና ከመጠን በላይ ከተወሰደ ልብን የሚያውክ መሆኑ ግን ራሱን ሊጎዳ ለሚያስብ ሰው ቤት ውስጥ የማይቀመጥ ያደርገዋል። ሰርትራሊን ከመድኃኒት ጋር የሚጋጨው በአንጻሩ ያነሰ ስለሆነ፣ ለሚያጠቡ እናቶችም ብዙ ጊዜ ስለሚመረጥ፣ ካለና ከተቻለ እኛም እሱን እናስቀድማለን። ከውጭ ዘመድ የላከው ሰርትራሊን ግን በፍሉኦክሴቲን ላይ አይደረብም፤ ሽግግሩን ሐኪም ይወስን። የንግግር ሕክምና ከካፕሱሉ ጋር ሲሄድ አንዱ ብቻውን ከሚሰጠው የተሻለ ውጤት ይገኛል። ችግሩ ባለሙያው የሚገኘው በትልልቅ ከተሞች መሆኑና በየሳምንቱ መመላለስ የሚጠይቀው ገንዘብና ጊዜ ነው።

የሁለተኛው ወቀሳ ምንጭ አቋራረጡ ነው። ከተሻለ በኋላ ከ9 እስከ 12 ወር መቀጠል ሲገባ፣ ብዙ ሰው በሁለተኛው ወር «ድኛለሁ» ብሎ ይተዋል። ጸበል ሲገባ የሚያቆምም አለ፤ መጠመቅ መድኃኒቱን አይከለክልም። የፍሉኦክሴቲን አታላይነት እዚህ ላይ ነው፦ ቀስ ብሎ ስለሚወጣ ባቆሙ ሰሞን ምንም አይሰማም፣ ሰውየውም ትክክል ነበርኩ ይላል። ሕመሙ የሚመለሰው ከሳምንታት ወይም ከወራት በኋላ ስለሆነ ከማቆሙ ጋር አያገናኘውም። በሐኪም ምክር ሲቆም ቢያንስ አራት ሳምንት ይወሰድለት፤ ባለ 20ው ብቻ ካለ አንድ ቀን እያስዘለሉ፣ ቀጥሎ ሁለት ቀን እያስዘለሉ ይቻላል። የመጨረሻው ፍሬ ከተዋጠ ከሁለት ወር በኋላ የሚሆን ቀጠሮ በዚያው ዕለት ይያዝ፤ እንቅልፍና የምግብ ፍላጎት መልሶ መዛባት ከጀመረ ግን ቀጠሮው አይጠበቅም።