የ33 ሳምንት ሆድ ይዤ ከዱባይ አዲስ አበባ

ሰሞኑን ከዱባይ ወደ አዲስ አበባ በረርኩ። 33 ሳምንት ከ2 ቀኔ ነበር። የመጀመሪያ ልጄ ነው፣ እዚያ ደግሞ የሚያርሰኝ ሰው የለም። እማዬ ዘንድ ልውለድ ብዬ ተነሳሁ። እንደኔ የሚያስቡ ብዙ እህቶች ስላሉ ያየሁትን ልጻፍ።

ከትኬት ቢሮው ልጀምር፣ ቅር ያሰኘኝ እሱ ነው። ሆዴ ጠረጴዛው ላይ ሊያርፍ ምንም አልቀረው። ትኬት የሚቆርጠው ልጅ ስለ ኪሎ ነገረኝ፣ ስለ ሻንጣ ነገረኝ። ስንት ሳምንትሽ ነው ብሎ ግን አልጠየቀኝም። አንድ ጥያቄ እኮ ነው! ብዙ አየር መንገዶች ከ28 ሳምንት አካባቢ ጀምሮ የሐኪም ወረቀት ይፈልጋሉ። አብዛኞቹ አንድ ልጅ ያረገዘችን እስከ 36ኛው ሳምንት፣ መንታ ያረገዘችን እስከ 32ኛው ያሳፍራሉ። ደርሶ መልስ ከቆረጣችሁ የመመለሻውንም ቀን አብራችሁ ቁጠሩ። ይህን ሁሉ ሊነግረኝ የሚገባው ትኬቱን የሸጠልኝ ሰው ነበር።

ወረቀትስ ይዤ ነበር። ግን ከተጻፈ 3 ሳምንት ሆኖታል። ቼክ ኢን ላይ ያለችው ሐበሻ ልጅ ቀኑን አየችና ራሷን ነቀነቀች። "እህቴ፣ ይሄማ ቆይቷል፤ አዲስ ያስፈልግሻል" አለችኝ። ክው አልኩ። ደግነቷ ግን አይረሳኝም፤ ሻንጣዬን ጥግ አስይዛ እራሷ ኤርፖርቱ ውስጥ ያለው ክሊኒክ ድረስ ወሰደችኝ። ሐኪሙ ግፊቴን ለካ፣ የልጄን የልብ ምት አሰማኝ፣ አዲስ ጻፈልኝ፦ ስንት ሳምንት እንደሆነኝ፣ የመውለጃ ቀኔን፣ ልጁ አንድ መሆኑን፣ እርግዝናው ችግር እንደሌለበት፣ መብረር እንደምችል። ፈረመ፣ ማኅተም መታ። ከአንድ ሰዓት በላይ ፈጀ። 4 ሰዓት ቀድሜ ባልደርስ ኖሮ አውሮፕላኑ አምልጦኝ ነበር።

በረራው ራሱ ደስ ይላል። ገና ስገባ የበረራ አስተናጋጇ አየችኝና መተላለፊያው ጋ ወዳለ ወንበር አዛወረችኝ። ቀበቶውን ሆዴ ላይ ሳስር በርከክ አለች። "እዚህ አይደለም የኔ እናት" ብላ ከሆዴ ሥር አሳልፋ ዳሌዬ ላይ አደረገችው። በእጇ ጠበቅ ማለቱን አረጋገጠች። መንገዱን ሁሉ ሳልጠይቃት ውሃ ስታመጣልኝ ነበር። የአውሮፕላን አየር በጣም ደረቅ ነው፣ ውሃው ያስፈልጋል።

አየር ያጥረኛል ብዬ ፈርቼ ነበር። የክትትል ሐኪሜ ቀድማ አስረድታኛለች፦ አውሮፕላን ውስጥ ያለው አየር ከ1,800 እስከ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ እንዳለ ቦታ አየር ነው። አዲስ አበባ እኮ ራሷ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። እማዬ እኔን 9 ወር የተሸከመችው እዚያው አየር ላይ ነው። ይህን ሳስብ ቀለል አለኝ። ከባድ የደም ማነስ፣ የደም ግፊት ወይም ደም መፍሰስ ያለባት ግን ሐኪሟን ሳታማክር ትኬት አትቁረጥ።

ያስጨነቀኝ እግሬ ነው። በእርግዝና ጊዜ ደም በቀላሉ ይረጋል፣ ብዙ ሰዓት መቀመጥ ደግሞ ያባብሰዋል። ከፋርማሲ የሚያጠብቅ ረጅም ካልሲ ገዛሁ። ጠዋት እግር ሳያብጥ ነው የሚጠለቀው፣ ትግል አለው። በየሰዓቱ ተነስቼ እስከ ሽንት ቤት ደርሼ እመለሳለሁ፣ ተቀምጬም ቁርጭምጭሚቴን አሽከረክራለሁ። 4 ሰዓት ገደማ ነው፣ ቶሎ አለቀ።

ቦሌ ስንወርድ ዊልቸር በር ላይ ጠበቀኝ። ቀድሜ አስመዝግቤ ነበር። የገፋኝ ልጅ "ማርያም በሰላም ትገላግልሽ" ብሎ መረቀኝ።

ለበረራው ከ5ቱ 5 እሰጣለሁ። ለትኬት ቢሮው 2፣ እሱም ስለ ዋጋው ብቻ።

ቤት ስንደርስ ካልሲውን ስባ ያወለቀችልኝ እማዬ ናት። እግሬን አገላብጣ አየችው። አላበጠም።